ሳይመረቅ የቀዘቀዘ የጦስኝ ሻይ

እስቲ ንገሩኝ፤ ታላቅ ሰው ተቀምጦ፣ ምርቃት ሳይሰማ፣ ብርጭቆ አንሥቶ የሚጠጣ ከመካከላችሁ አለ? ካለ ቁስቋም ድርሽ አይበል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ለሰባት ዓመት ይወራበታል።

ነርሳችን ጽጌሬዳ ይህን አጥታው አይደለም። ሻዩን እንደ መድኃኒት ስላየችው ነው፤ ለክኒን ማን ይመርቃል? አዲስ አበባ ሄዳ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዳ ተመለሰችና፣ የደም ግፊት ያለብንን ስምንት ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ ሰበሰበችን። ትምህርቱ «በማስተዋል መጠጣት» ይባላል። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላስተውል ስጠጣ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

«ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ» አለች። «ደወል እስክመታ ድረስ ቃል የለም። ትንፋሻችሁን ታዳምጣላችሁ፤ ዝግጁ ስትሆኑ በዝግታ ፉት ትላላችሁ።»

«ሻዩን ነው ትንፋሹን?» አላት ዳኛው የሚባለው ጎረቤቴ።

«ሻዩን፣ አያ ዳኛው።»

አያ አለችው፤ ለታላቅ የሚባለውን። እኔን መምህር ነው የምትለኝ። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልኝ። ዳኛው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር። እኔ የተወለድሁት በመስከረም 1944 ነው፤ አባቴ በዳዊቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፎታል። እሱ የተወለደው በዚያው ዓመት በግንቦት ነው፤ እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በራሷ አንደበት ነግራኛለች። ስምንት ወር እበልጠዋለሁ። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዝክሩና በየማኅበሩ ቀድሞኝ እየተነሣ ይመርቃል። ማስረጃው ጢሙ ነው። የእኔ ጢም ዘግይቶ ሸበተ፤ ጥፋቴ ይኸው ብቻ ነው።

ሁላችንም ጨፈንን። ጦስኙን ከደባርቅ በላይ ካለው ደጋ ለቅማ ያመጣችው ዝናሽ ናት፤ እሷም ግፊት አለባትና አብራን ተቀምጣለች። ሽታው ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም። ግን ማንም ፉት አላለም። ታላቁ አልመረቀማ። ታላቁ እንዳይመርቅ ደግሞ መናገር ተከልክሏል። ስምንት ሰው ትኩስ ብርጭቆ ታቅፎ ይጠብቃል።

እኔ አንዱን ዓይኔን በትንሹ ከፈት አድርጌ ነበር። አርባ ዓመት ተማሪ ፈትኛለሁ፤ ሙሉ በሙሉ መጨፈን አልችልበትም። ዳኛውም ከፍቷል። ተያየን። ከዚያ በሠላሳ ዓመት ያልሆነው ሆነ። በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና ራሱን ዝቅ አደረገ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ታላቁ አንተ ነህ፣ መርቅ ማለቱ ነው።

 ምስክር ፍለጋ ግራ ቀኝ አየሁ። ስድስቱ ጨፍነዋል። ጽጌሬዳ ሰዓቷን ታያለች። አፌን ልከፍት ስል ቀና ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ቃሌን ዋጥሁት። የምርቃቱን ቃል በልቤ እየደረደርሁ ደወሉን ጠበቅሁ፤ ግማሽ ሰዓት።

ደወሉ ተመታ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ዳኛው ተነሥቶ ቆሟል።

«ሻዩን መድኃኒት ያድርግልን» አለ ጢሙን እየዳበሰ። «ለቃሚዋን ከገደል ይጠብቅልን። ግፊታችንን ያውርድልን።»

ሁሉም አሜን አለ። እኔም አልሁ፤ ለዝናሽ ስል። ወዲያው ስምንታችንም አንሥተን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥነው።

«ምነው፣ እጄ አስጠላችሁ?» አለች ዝናሽ። የራሷም ብርጭቆ ባዶ ነው። «ትኩሱን ትታችሁ በረዶውን ትጋታላችሁ?»

ጽጌሬዳ ግን ፊቷ በርቷል። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም አልነካውም» አለች። «እንዲህ ያለ እርጋታ ሥልጠናው ላይ እንኳ አላየሁም።» ያንን በደብተሯ ጻፈችና ግፊታችንን ለካች። የሰባቱ ወርዷል።

«መምህር፣ የእርስዎ ብቻ ጨምሯል። ምን ሲያስቡ ነበር?»

«ፍትሕን» አልኋት።

በሩ ላይ ዳኛውን ያዝሁት። «በአገጭህ ወደ እኔ አልጠቆምህም?»

«መቼ?»

«ሁሉም ጨፍኖ ሳለ።»

«አንተስ አልጨፈንህም?» አለኝ። «ዝንብ ጢሜ ላይ ዐርፋ ነበር፣ ጌታው። እሷን ማባረሬ ነው።»

ጌታው አለኝ፤ አያ ሳይል፣ ባዶውን። ጽጌሬዳ ግቢ በዚያ ጠዋት ዝንብ አልነበረም፤ ጦስኝ በሚሸትበት ዝንብ አይቀርብም፣ ዝናሽን ጠይቁ። እኔ ሹመት አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት የስምንት ወር እውነት ነው፤ ያንንም እሱ ራሱ በገዛ አገጩ መስክሮልኛል።

ስለዚህ ዳኛው፣ በኅዳር ስድስት፣ በቁስቋም በዓል፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ዓይኑን ከፍቶ በተቀመጠበት ተነሥተህ ቁም። ሳትመርቅ በፊት ለአንድ ጥያቄ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ፦ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት «ታላቁ አንተ ነህ» ብለኸኛል ወይስ አላልኸኝም?