ፈትለወርቅ የተወራረደችባት በቅሎ

በ፲፱፻፳፬ ዓ.ም. በየካቲት የጎሬው ይግባኝ ሰሚ ዳኛ የመቱውን ፍርድ ሽረው የዳሪሙን የቡና መሬት ለፈትለወርቅ መለሱ፤ ስለ ክርክሩ ወጪና ኪሣራ ግን አላነሡም። መቱ ላይ በንዴት «ከረታኸኝ በቅሎዬን ውሰድ!» ብላ ተወራርዳ ተረትታ ነበርና፣ በቅሎዋ ለኪሣራው ተብላ በባላጋራዋ በገብረ መድኅን እጅ ቀርታለች። ነገ ለሲራራ ነጋዴ ሊሸጣት ነው ሲባል ሰምታ፣ ዳግመኛ እዚያው ጎሬ ችሎት ቆመች።

«እትዬ፣ መሬቱ አልበቃዎትም? በበቅሎ ተወራረዱ ያለዎት ማን ነው?» አላት ገብረ መድኅን እየሳቀ።

«የተወራረድሁት ለሚረታው ነው፣ ጋሼ። ማን ረታ?»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ መዝገቡን ደጋግመው አገላበጡ።

«የመቱው የኪሣራ ትእዛዝ ተሻሽሏል» አሉ ዳኛው። «በቅሎዋ ዛሬውኑ ለፈትለወርቅ ትመለስ፤ የይግባኙን ኪሣራ ሁለቱም በየራሳቸው ይቻሉ።»