ቁም ሣጥኑ የወረደ ዕለት

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ በእሱ በኩል አንድ ጣት ዝቅ ያድርገው።"

ተማሪዋ ዐይኗን ከማስታወሻ ደብተሯ ነቅላ ወደ "ሰውዬው" ዞረች። ሰውዬው ሩቅ አልነበረም። በእሱና በተናጋሪው መካከል ያለው አንድ ቁም ሣጥን ብቻ ነው፤ አንደኛው ቢያስነጥስ ሌላኛው "ይማርህ" ለማለት ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። እሷ ግን እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣

"በእርስዎ በኩል አንድ ጣት ዝቅ ያድርጉት ተብሏል" አለች።

"ሰምቻለሁ በይው።"

"ሰምቻለሁ ብለዋል።"

ቁም ሣጥኑ አንድ ጣት ዝቅ አለ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ የበሩን መቃን ሳይነካ፣ ግማሽ አካሉን ወደ ኮሪደሩ አወጣ።

ጠዋት በጭነት መኪናው ውስጥ ሾፌሩ አስጠንቅቋት ነበር። "ሁለቱ ተሸካሚዎች፣ ሜትርና ትከሻ፣ ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በመሀላቸው ሳስተረጉም ምላሴ ዛለ። ዛሬ ተራው ያንቺ ነው፤ እኔ ከመኪናዬ አልወርድም።"

"ዘመድ አይደሉም እንዴ?"

"ሜትር የትከሻን እህት ነው ያገባው።"

"ታዲያ ምን አጣላቸው?"

"አልጋ።"

ተማሪዋ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ሾፌሩ አልሳቀም።

"ሜትር፣ ሜትር የተባለው በዐይኑ ስለሚለካ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ገርመም አድርጎ 'ያልፋል' ካለ ያልፋል፤ 'አያልፍም' ካለ አያልፍም። ታዲያ ትከሻ አዲስ አልጋ ገዛና ሜትር አይቶ 'ያልፋል' አለው። አላለፈም። የቤቱን መቃን ገንጥሎት ቁጭ አለ። ትከሻ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ 'ዛሬስ ሜትራችን ወደ ሴንቲ ወረደ!' ብሎ ቀለደበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ቀን የወጣ ሜትር ወደዚያ ቤት እግሩን አልመለሰም።"

"እና አብረው ይሠራሉ?"

ሾፌሩ በመገረም አያት። "ታዲያ ከማን ጋር ይሥሩ?"

እሷ ወደዚህ የመጣችው ለሳቅ ነበር። የፊልም ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ሥራዋም አሥር ደቂቃ የሚሆን አስቂኝ ፊልም ነው። መክፈቻውን በሃያ ሁለት ትንንሽ ክፈፎች እየከፋፈለች በእርሳስ ሥላዋለች፦ ሁለት ተሸካሚዎች ቁም ሣጥን ይዘው ደረጃ ይወርዳሉ፣ አንዱ ያዳልጠዋል፣ ቁም ሣጥኑ ያመልጣል፣ እየተንከባለለ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ሰው ይራወጣል። መምህሩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ፊታቸው ላይ የፈገግታ ሽታ እንኳ አልታየም።

"እነዚህን ሰዎች የት አየሻቸው?" አሏት በመጨረሻ።

"ከራሴ ነው ያወጣኋቸው።"

"ያስታውቃል። ቁም ሣጥን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው እዚህ ውስጥ የለም። ሄደሽ እይና ተመለሺ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መክፈቻው ካልጣመኝ ካሜራው ለሌላ ቡድን ይሰጣል።"

ካሜራውን የሚይዝላት የክፍል ጓደኛዋ፣ ከቁመቱ የተነሣ "ቀጭኔ" የሚሉት፣ ከእሷ በላይ ደንግጦ ነበር። "ብቻ ሲወድቅ ቅረጪው" ብሎ ነው የላካት። "አንድ ነገር መውደቁ አይቀርም።"

የዕለቱ ሥራ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ነበር። የዕቃው ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላላቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከታች ያለውን ክፍል ተከራይተዋል። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሮቹ ከረፋዱ በፊት ወርደው አልቀዋል። የቀረው ቁም ሣጥኑ ነበር፤ ባለ ሦስት በር፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ግድግዳውን የሞላ።

"እሱ ይቅር" ብለው ነበር ሴትዮዋ እጃቸውን በሻርፓቸው ጠቅልለው። "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጢ ነበር። እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው የሠራው። በዚህ በር አልገባም፤ በዚህ በርም አይወጣም። መጋዝ እንዲነካው ደግሞ አልፈቅድም።"

ሜትር ወደ ቁም ሣጥኑ ቀረበ። ፊት ለፊቱ ቆሞ አየው። ወደ ጎን ሄዶ አየው። ኮሪደሩን አየ፣ የደረጃውን መታጠፊያ ወርዶ አየና ተመልሶ መጣ። ተማሪዋ ሰዓቷን ተመለከተች፤ ሩብ ሰዓት አልፎ ነበር። ቀጥሎ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋለለና እጁን ከቁም ሣጥኑ ሥር አስገብቶ፣ የበሽተኛ ሆድ እንደሚዳስስ ሐኪም፣ ቀስ እያለ ዳሰሰ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"እማማ" አለ እዚያው እንደተኛ፣ "ባለቤትዎ ምስማር ይጠቀም ነበር?"

"ምስማርማ ጠላቱ ነበር።"

ሜትር በመዶሻው እጀታ ሁለቴ መታ መታ አደረገ። የአውራ ጣት የምታህል የእንጨት ሽብልቅ መዳፉ ላይ ወደቀች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። ሁለቱ ከፍ ሲያደርጉት የቁም ሣጥኑ እግሮች እንደ ጫማ ወለቁ። አናቱ ላይ ያለው የተጠረበ ጌጥም እንዲሁ፣ ጭረት እንኳ ሳይተው፣ ተነሣ።

ሜትር ሽብልቆቹን በሴትዮዋ መዳፍ ላይ ደረደራቸው። "የሚወጣበትን አብሮ ሠርቶታል እማማ። አልነገረዎትም እንጂ።"

ሴትዮዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልብሳቸውን ያስቀመጡበትን ዕቃ ገና ዛሬ እንደሚተዋወቁት ሁሉ አፍጥጠው ቀሩ። "ምነው ሳይነግረኝ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። አንድ ሰው፣ እሱ በሌለበት ቀን ለሚመጣ የማያውቀው ሰው እጅ፣ ከእንጨት ሥር መንገድ ትቶ ሄዷል። ያ እጅ ደግሞ መጥቶ አገኘው።

አሁንም ቢሆን ጉዳዩ በጣት ነበር የሚለካው። ሜትር በሩንና ቁም ሣጥኑን እያፈራረቀ አየና ግንባሩን ጠረገ።

"ያልፋል" አለ።

ቃሉ ያው የአልጋው ቃል ነው። ተማሪዋ ሳታስበው ወደ ትከሻ ዞረች። ትከሻ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሜትሩን ወደ ሴንቲ ያወረደ ሰው አሁን ምን ይል ይሆን? ቀና አለ፣ ሰፊውን የመሸከሚያ ጠፍር ከወለሉ አንሥቶ በትከሻው ላይ አጠለቀ፣ ጎንበስ ብሎም ከባዱን ጎን ያዘ።

እንዲህ ነው እንግዲህ በሩ ጋ የደረሱት።

ከበሩ ካለፉ በኋላ ግን አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ደረጃው ላይ ሜትር የራሱን ጠፍር አጥልቆ ከላይ ነው፤ ትከሻ ከታች ሆኖ የኋሊት ይወርዳል፣ ፊቱን ከእንጨቱ አጣብቆ። የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። አንዱ ሲያስወጣ ሌላው ያስገባል፤ አንድ እርከን። አንዱ ሲያስገባ ሌላው ያስወጣል፤ ሌላ እርከን። ተማሪዋ ስልኳን ከፍታ እየቀረጸች ከላይ ስትከተል፣ በደረጃው መደገፊያ ላይ አጎንብሳ ወደ ታች አየችና አንድ ነገር አስተዋለች። የትከሻ ዐይኖች ተጨፍነዋል።

በሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ዕረፍት ሲያደርጉ ጠጋ ብላ ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው ዐይንዎን የሚጨፍኑት?"

ትከሻ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። "ቢከፈትስ ምን ያያል? እንጨት። ዐይን ዝም ብሎ መፍራት ነው ሥራው። መንገዱን የሚያየው እሱ ነው።" በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ፤ ስም አልጠራም። "እሱ ወደ ግራ ገና ሲያስብ እኔ ጋ በክብደቱ ይደርሰኛል።"

ተማሪዋ ይህንን ልትጽፍ ብዕሯን አነሣችና ተወችው። እነዚህ ሰዎች የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። አንደኛው ግን ዐይኑን ጨፍኖ፣ ነፍሱን ለሌላኛው ዐይን ሰጥቶ፣ የኋሊት ደረጃ ይወርዳል። ሳቅ መጣባት፤ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ዓይነት። ያው ሳቅ ግን ከአፏ ሳይወጣ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዐይኗን አቃጠላት።

ጠፍሩ የተበጠሰው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑን በአንድ ማዕዘኑ አቁመው በቀስታ ሲያዞሩት፣ እንደ ጅራፍ "ጧ!" አለና የሜትር ጠፍር ዘለበቱ ጋ ለሁለት ተከፈለ። ቁም ሣጥኑ ወደ ታች አዘነበለ። ከበታቹ ትከሻ፣ ከትከሻ በታች አሥራ ሁለት እርከን ሲሚንቶ ነበር።

ሜትር እጁን ሲሰድ ተማሪዋ አየችው፤ ወደ ራሱ አልሰበሰበውም፣ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል ነው የሰነቀረው። ጣቶቹ እዚያ ተጣብቀው ቁም ሣጥኑን አቆሙት። ከታች ትከሻ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ የአንገቱ ሥር ገመድ ሆነ። አንዱ ተነፈሰ። ሌላው ተነፈሰ። በሦስተኛው ትንፋሽ ትከሻ ዐይኑን ሳይገልጥ ከነክብደቱ ብድግ አለ፤ ሜትር እጁን አወጣ፤ ቁም ሣጥኑም ምንም እንዳልተፈጠረ ዙሩን ጨረሰ። ከመታጠፊያው ግድግዳ ጋር የነበረው ክፍተት ወረቀት ቢያሳልፍ ነው።

ተማሪዋ ስልኳ ወለሉን እየቀረጸ እንደነበር የገባት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው።

ምድር ቤት ሲደርሱ ቁም ሣጥኑን በአዲሱ ግድግዳ ሥር አቆሙት፣ እግሮቹን መለሱለት፣ ሽብልቆቹን በየቦታቸው አስገቡ። ሴትዮዋ መሀከለኛውን በር ከፍተው ዘጉት። እንደ ድሮው ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ። "ሻይ ሳትጠጡ አትሄዷትም፤ ከጎረቤት አፈላለሁ" ብለው ፊታቸውን ደብቀው ወጡ።

የተማሪዋ ስልክ ጮኸ። ቀጭኔ ነበር።

"ወደቀ?"

"አልወደቀም።"

"ወይኔ! ታዲያ ምን ይዘን ነው ነገ የምንቀርበው?"

"ካሜራው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ይቆማል። አይንቀሳቀስም። የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ቁም ሣጥን ይዘው ይመጣሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያልፋሉ።"

"ይህ ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"ነግሬህ አይገባህም። ነገ አብረን እንጋፈጣቸው" ብላ ዘጋችው። መምህሩ ምን እንደሚሉ አታውቅም፤ የሚገርመው፣ ጠዋት የነበረው ፍርሃት የት እንደገባም አታውቅም።

ቀና ስትል ትከሻ ጀርባውን ለሜትር ሰጥቶ የመጫኛ ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

"ንገሪው" አለ ለገመዱ የሚያወራ ይመስል፤ "ጣቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከር። ያብጣል።"

"ጣታቸው መጎዳቱን እንዴት አወቁ? ዐይንዎ ተጨፍኖ ነበር እኮ!"

"ይልቅ ንገሪው።"

ነገረችው። ሜትር በመስኮቱ በኩል ቆሞ የደማ እጁን በመሐረብ እየጠቀለለ ነበር። አንድ እጁ ሌላኛውን ማሰር አቃተው። ረጅም ጊዜ ከመሐረቡ ጋር ሲታገል ቆየና፣ አንገቱን ሳያቀና፣

"ንገሪው…" አለ። ቆመ። የመሐረቡን ጫፍ በጥርሱ ሳበ። "እህቱ እሑድ ምሳ ላይ ትጠብቀዋለች በይው። ደግሞ… ያን መቃኑን በይው… እኔው ራሴ መጥቼ አስተካክልለታለሁ።"

ተማሪዋ አፏን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ቃላቸው በእሷ ውስጥ እንደ ውኃ በቧንቧ ሲያልፍ ነው የዋለው፤ ይህንንም ለማድረስ ወደ ትከሻ ዞረች። ትከሻ ገመዱን መጠቅለል አቁሟል። ጀርባው እንደዞረ ነው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

አፏን መልሳ ዘጋችው። ደብተሯን አንሥታ በብብቷ ሸጎጠች፣ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወደ ኮሪደሩ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ከዚያ በሩ ላይ የቀረውን ስንጥቅም አየች፤ በስንጥቁ ማየት ምን ያህል እንዳማራት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጎትታ ገጠመችው።

ሴትዮዋ አራት ብርጭቆ በትሪ ይዘው እያዘገሙ መጡ። ተማሪዋ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ እጇን ዘረጋች።

"እማማ፣ ትሪውን ልቀበልዎት። እዚህች ደረጃ ላይ ትንሽ እንቀመጥ።"

አዋላጇ በሩን አዩ፣ እሷን አዩ። በሕይወታቸው ስንትና ስንት የተዘጋ በር ደጅ ላይ ሰው ሲያስጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ምንም አልጠየቁም። ጉልበታቸውን ይዘው እርከኑ ላይ ተቀመጡ።

"ሻዩ ይቀዘቅዛል እኮ ልጄ።"

"ይቀዝቅዝ" አለች ተማሪዋ።