የጁማና ጺም

ባሌ ቡርሃን ምርቃት ከሰማ እጁ በራሱ ይዘረጋል። ወሎ ነው ያደገው፤ መራቂው ማንም ይሁን ማን «አሚን!» ይላል። አሚን ካለ ደግሞ ቢሞት ቃሉን አያጥፍም። ይሄ አመሉ ባይኖር እኔ ሉባባ እዚህ ፈረንጅ አገር ዕድሜ ልኬን የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ እቀር ነበር።

ማታ ማታ ነርሲንግ ልማር ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ጁማናን ማን ይይዛታል? የኔ ሺፍት ማታ ነው!» ምዝገባው ደግሞ አርብ ሊዘጋ ነው።

በዚያው ሳምንት የጁማና ክፍል ልጆች የታሪክ ሰው መስለው እንዲቀርቡ ታዘዙ። ለአስር ዓመቷ ልጄ የደረሳት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ለሴቶች ትምህርት ቤት የከፈተ የባፕቲስት ቄስ!

«ቁርአን የማስቀራትን ልጅ ቄስ ሊያደርጉብኝ ነው?» ብሎ ቡርሃን ጮኸ። ጮሆ ሲጨርስ ግን ሊሞዚን ሲነዳ የሚለብሰውን ጥቁር ኮት አዋሳት። ጺሙን እኔ ከጥጥ ሠራሁላት።

«እማዬ፣ ቄስ መጨረሻ ላይ ምን ይላል?» አለችኝ።

«የቄስ ምን አውቅልሻለሁ! የኛ ሽማግሌዎች መርቀው ነው የሚጨርሱት» ብዬ ሁለት ምርቃት አስጠናኋት። ወላሂ፣ ሌላ ተንኮል አልነበረኝም።

ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጅ ጢም ብሏል። ጁማና በኮቱ መሬት እየጠረገች ወጣች። ሰውየው ሴቶችን ለማስተማር ያየውን አበሳ በእንግሊዝኛ አንበለበለችውና ወደኛ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«እድሜ ይስጣችሁ!»

«አሚን!» አለ ቡርሃን። ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ አየው።

«ጤና ይስጣችሁ!»

«አሚን!»

«እማዬ ነርስ ትሁን! አባዬ ማታ ማታ እኔን ይያዝ!»

«አሚን!»

ካለ በኋላ ነው የገባው። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ይቺን ሦስተኛዋን እኔ አላስጠናኋትም፤ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«ምነው ቡርሃን?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አሚን ብያለሁ! ሺፍቴን ወደ ቀን አስቀይራለሁ። ነገ ሄደሽ ተመዝገቢ።»

አሁን ማታ ማታ ሆስፒታሎቹ ባሉበት ሰፈር፣ ሜዲካል ዲስትሪክት፣ የነርሲንግ ክላስ አለኝ። ወጥ ያረረበት ቀን «ዛሬ እንኳን ብትቀሪስ?» ማለት ይጀምረዋል። ጁማና ግን ጺሟን ከመሳቢያ አውጥታ ትለጥፍና እጇን ትዘረጋለች።

«ኧረ በቃ፣ አሚን!» ይላል የመኪናውን ቁልፍ እያቀበለኝ።