ለሙታን የተገለበጠ እንጨት

ዩንቸን የወንድሟን የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ስትረግጥ መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነበር። የካምፎር እንጨት ሲቆረጥ ደስ የሚል ጠረን አለው፤ እዚህ ግን የታላቅ ወንድሟ የኩንሼንግ ምራቅ አብሮት ይሸታል። ኩንሼንግ ቢንላንግ የሚሉትን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ ቀኑን ሙሉ ያላምጣል። ቀዩን ምራቅ በወረቀት ኩባያ ይተፋል፤ ኩባያው ሲሞላ ሰጋቱራው ላይ ይለቀዋል። ከአባታቸው የወረሱት፣ ፌንግዩዋን ከተማ ያለው እንጨት ቤት ወለሉ የበሬ ማረጃ መስሏል።

ዩንቸን ለዓመታት የሠራችበት የታይቹንግ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ስለተዘጋ ነበር ከወንድሟ ጋር ልትሠራ የመጣችው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ዓይኗ እንጨት በማዕዘን የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ አረፈ። ዲስኩን የሚከልለው ክዳን ወደ ላይ ተገልብጦ በሽቦ ታስሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኛ! የምቆርጥበትን መስመር ሲጋርደኝ ምን ላርግ?»

«የሚጋርደው መስመሩን ሳይሆን ጣትህን ነው።»

«አይ የፋብሪካ ሰው! እኔና ዲስኩ ተዋውቀናል፣ አይነክሰኝም» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ቀይ ነው።

ያን ሰሞን በእጃቸው የነበረው ሥራ ደንበኛቸው እማማ ቺዩ ቤታቸው ላለው የሙት አያቶቻቸው መሠዊያ ያዘዙት ክፈፍ ነበር። ኩንሼንግ ዲስኩ ፍጥነቱን ሳይሞላ እንጨቱ ላይ ይጭነዋል፣ ሳይቆም ያነሳዋል። ጫፍና ጫፉ ሲገጠም መሀሉ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። እሱ እቴ! ምራቁ ካረፈበት ክምር ሰጋቱራ ዘገነና በኮላ ለውሶ ሞጀረበት። ዩንቸን ጎንበስ ብላ ክፍተቱን አየች።

«ሰው በሚሰግድበት ላይ?»

«ቫርኒሽ የማይሸፍነው ጉድ የለም። ሥራሽን ሥሪ!»

ከሰዓት በኋላ ለክፈፉ ጥግ መዳፍ የማታክል ቁራጭ ጎደለችው። ከረጅሙ እንጨት እንደመቁረጥ፣ አንዲት ትርፍራፊ በጣቶቹ ቆንጥሮ ዲስኩ ስር ሰደዳት። ዩንቸን «ተው!» ብላ ሳትጨርስ መጋዙ ቁራጯን ነጥቆ አሽቀነጠራት። ኩንሼንግ ግራ እጁን ገልብጦ አየና ተቀመጠ። የሌባ ጣቱ ጫፍ የለም።

ሶኬቱን ነቀለች፣ እጁን በፎጣ ጠቀለለች፣ የጎደለውን ፍለጋ ተንበረከከች። በቀይ ምራቅ በራሰ ሰጋቱራ ውስጥ ቀይ ነገር መፈለግ! የምታፍሰው ሁሉ እጇ ላይ ይጣበቃል፤ ደሙ ከምራቁ አይለይም። ያገኘችውን ይዛ ሐኪም ቤት አደረሰችው። ሐኪሙ አንዴ አየና፣ «ይሄ እንኳን መልሶ አይቀጠልም» ብሎ ቁስሉን ሰፋው።

ጥቂት ቀን እህል አልወርድ አላት። ኩንሼንግ ግን ክፈፉን በአንድ እጁ ጨርሶ ቫርኒሹን ቀባና ወስዶ ለመስቀል ትረዳው ዘንድ ጠራት። እማማ ቺዩ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ደም የነካት ቁራጭ ጥጉ ላይ ናት። ደሙን ወደ ኋላ ገልብጬ ገጠምኳት። የሞተ ሰው ዞሮ አያይ!»

ይህን ብሎ ተንከተከተ። ዩንቸን ክፈፉ በእጇ እንዳለ እሬሳ የተሸከመች መሰላት።

ውስጥ እማማ ቺዩ የአያቶቻቸው ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ በእጅጌያቸው ይወለውሉ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ አይሰቀልም። የሰው ደም አለበት።»

አሮጊቷ ፋሻውን አዩ፣ የኩንሼንግን ቀይ አፍ አዩ። «የባለቤቴን የሬሳ ሣጥን የሠሩልኝ አባትህ ናቸው» አሉት። «አሁን ውጣልኝ። አፍህን ሳታጥብ እዚህ ቤት እንዳትገባ።»

ዩንቸን ወደ እንጨት ቤቱ ተመልሳ ወለሉን በፈላ ውኃ ፈገፈገች። ሽቦውን ቆርጣ ክዳኑን ወደ ቦታው መለሰች። መጋዙን አርባ አምስት ዲግሪ ላይ አጠበቀች፣ ውዳቂ እንጨት ቆርጣ ገጠመችና በስኳድራ ለካች፤ በጥቂቱ ዘንበል ብሏል። አስተካክላ እንደገና ሞከረች። ከዚያ አዲሱን እንጨት ከመጋዙ የኋላ ድጋፍ ጋር አስጠግታ በሞርሳ ያዘችው፣ እጇን ከዲስኩ መንገድ አራቀች። ዲስኩ እስኪጮህ ጠብቃ በቀስታ አወረደችው፤ ማብሪያውን ለቀቀች፤ ጸጥ ሲል ብቻ አነሳችው። ማዕዘኑ ፀጉር አላስገባም።

ኩንሼንግ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ለሰው ታወሪያለሽ?»

ስለ አሮጊቷ አልጠየቀም፣ ስለ አባታቸውም ስም አልተጨነቀም። ወሬው ነው ያስፈራው! ከምራቁ ይልቅ ይሄ አንገሸገሻት።

«ኩንሼንግ፣ ከዛሬ ጀምሮ መጋዙ ጋ አትደርስም» አለች። በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቤቱ የአባቴ ነው!»

«የኔም አባት ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ያዝና ፈትግ፤ አለዚያ ለደንበኛው ሁሉ እኔው ራሴ እነግራለሁ።»

ተሳደበ፣ በር ረገጠ፣ በማግስቱ ግን መጥቶ ፈተገ። አሁን የሚተፋው ደጅ ወጥቶ ነው። የእማማ ቺዩን አዲስ ክፈፍ ዩንቸን ብቻዋን ወስዳ ሰቀለች። ኩንሼንግ ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ ቀድቶ ያቀርብላታል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጉንጭ አልጠጣችለትም።