ሚስቱን የዘለለው መጽሐፍ

በመጋቢት አጋማሽ በረዶ ጣለ፤ ሦስት ቀን አላባራም። በአራተኛው ቀን ጎርደን ቢርኬት ከድንጋይ አጥሩ ሥር ሰማንያ አንድ የሞቱ በጎች ከበረዶው አወጣ። አብዛኞቹ እርጉዞች ነበሩ። ድርቆሹ ከወር በኋላ አለቀ፤ ተገዝቶ የመጣውም ሻጋታ ነበረው። ከዚያ ውርጭ በያዘው የጋጣ ደረጃ ላይ ጎርደን ራሱ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ዕድሜው ሰባ አራት ነው።

እስከ ጉልበቱ ጄሶ ታስሮለት ወንበር ላይ ዋለ። ከመንደሩ የንባብ ማኅበር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተላከለት። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ከመንደሩ ሐይቅ ማዶ ይኖር የነበረ የሥዕል ሃያሲና አሳቢ ስለ ገዛ ሕይወቱ የጻፈው ነው። የጎርደን ቅድመ አያት የሰውዬውን ጀልባ ይቀዝፍ ስለነበር፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሚስስ ፔምበርተን በማክሰኞው ስብሰባ ስለ መጽሐፉ እንዲናገር ለመነችው።

ጎርደን ትምህርት ያቋረጠው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በጣቱ እየተከተለ፣ በቀን ሃያ ገጽ፣ አጥር እንደሚጠግን ሰው አነበበው። አልወደደውም። ሰውዬው በልጅነቱ ስላየው አንድ ፏፏቴ አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል። ውሻው የራሱ ምዕራፍ አለው። ስለ እጅ ሥራ ክብር ብዙ ይላል፤ የቀዛፊው ስም ግን የለም። ይህ ጎርደንን አልገረመውም። ያበሳጨው ሌላ ነው። መግቢያውን የጻፈው ምሁር እንደሚለው ሃያሲው ስድስት ዓመት ሚስት ነበረችው። ጎርደን ወደ ኋላ እየገለጠ ፈለጋት። የለችም። ስለ እነዚያ ዓመታት የጻፈው ስለ ደመናና ስለ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞሪን በመኪናዋ መጥታ ወሰደችው። ሁለቱ ከተፋቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሾርባ ታመጣለች፤ አትቀመጥም። የምትፈልገውን ያውቃል። በዚያ ተራራማ አገር እያንዳንዱ መንጋ የራሱ የጆሮ ብጣትና የጎን ቀለም አለው፤ ምልክቱም ከባለቤቱ ስም ጋር በእረኞች መዝገብ ይታተማል። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው በጎቹን የጋራ ግጦሽ ወዳለበት ተራራ አያወጣም። ጎርደን የሚጠቀምበት ምልክት የሞሪን አባት ንብረት ነበር። በተጋቡበት ዓመት የጎርደን መንጋ በበሽታ አልቆ ነበርና፣ አባቷ ስልሳ እናት በጎች ከነምልክታቸው ሰጡት። ምልክቱ ብድር እንደሆነ፣ ከቤተሰባቸው አንድ ሰው በፈለገው ዕለት እንደሚመልስ በሰው ፊት አስማሉት። አሁን የሞሪን የወንድም ልጅ ጁዲት ተራራው ላይ የግጦሽ ቦታ አግኝታለች። ሞሪን ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ሦስቴም ዝም ብሏል። የተበጣ ጆሮ ተመልሶ አይሰፋም። ምልክቱን መመለስ መንጋውን መመለስ ነው።

"የአዲሱ መዝገብ ቅጽ መቀበያ ዓርብ ይዘጋል" አለችው እየነዳች።

"አውቃለሁ።"

"ማወቅህንማ አውቃለሁ።"

አዳራሹ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ነበር። ጎርደን በክራንቹ ተደግፎ ቆመ።

"መጽሐፉ መጥፎ ነው" አለ። "ሰውዬው ዓይን አለው፤ አልክድም። ድንጋይ ያያል፣ ቅጠል ያያል። ሚስቱን ግን ዘለላት። ስድስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት የውሻውን ያህል እንኳ ቦታ አላገኘችም። እንዲህ ያለ ሰው እውነት ሊያስተምረኝ አይችልም።"

ሚስስ ፔምበርተን ፈገግ አለች። "አንዳንዱ ነገር ዝም ሲሉት ይሻላል፣ ሚስተር ቢርኬት። ጨዋነት ነው።"

"ጨዋ ከሆነ 'ነበረችኝ፣ አልሆነልንም' ይበል። አንድ መስመር ነው፣ እመቤቴ። ለፏፏቴው አሥራ አንድ ገጽ አላነሰውም።"

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ በሻይ ማፍያው አጠገብ የቆመችው ሞሪን አልሳቀችም።

"ጎርደን" አለች፤ "አንተ መዝገቡ ላይ ከምልክቱ ሥር ምን ብለህ ነው ያሳተምከው?"

እዚያ የነበሩት ገበሬዎች መዝገቡን በቃላቸው ያውቁታል። አንዱ ሽማግሌ፣ ማንንም ሳያይ፣ "ከአያት የወረደ" አለ።

"የማን አያት?" አለች ሞሪን። "መዝገቡ ላይ አባቴ የለም። እኔም የለሁም። ሃያ ሰባት ዓመት ካንተ ጋር በግ ከበረዶ ቆፍሬ ሳወጣ የነበርኩት ማን ነኝ? ያ ሰውዬ ዝም ነው ያለው። አንተ ግን ዋሸህ።"

ጎርደን ተቀመጠ። ሽማግሌው ባዶ ሲኒውን ይመረምር ጀመር። ሚስስ ፔምበርተን ሻይ እንደደረሰ ተናገረች።

ሞሪን በመኪናዋ መለሰችው። ቤት ደርሳ ሾርባውን ምድጃ ላይ ጥዳ ልትወጣ ስትል ጠራት።

"ያንን መሳቢያ ክፈቺው።"

ቅጹ እዚያ ነበር፤ ከወር በፊት ተሞልቶ ተፈርሞበታል። ጎርደን ብዕር አንስቶ ስሙን ሰረዘ። በምትኩ "ሞሪን ማውንሲ" ብሎ የእሷን ስም ከነአባቷ ቤት ስም ጻፈ። "ከአያት የወረደ" የሚለውንም ሰረዘና ከሥሩ በቀስታ ጻፈ፤ "ከቶም ማውንሲ በብድር የመጣ፤ ለሴት ልጁ የተመለሰ።"

ሞሪን ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ።

"በጎቹስ?"

"ከነምልክታቸው አይደል የመጡት? ዘጠና አራት ቀርተዋል። ጁዲት ቅዳሜ መጥታ ትረከብ። ውሻ ይዛ ትምጣ፤ የኔው ከኔ በቀር ማንንም አይሰማም።"

"ይቅር እንድልህ ከሆነ..."

"መች ጠየቅኩሽ?"

ቅጹን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ሊልከው እጁን ዘረጋ። ሞሪን ቅጹን አልሰጠችውም። ፖስታውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ በራሷ እጅ አሸገችው፣ ኮቷን ለበሰችና ይዛው ወጣች።