በግራ እጅ የተጠመጠመ ናስትሮ

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» ቢሏት፣ እትዬ ስታመና ለቄሱ «እንግዲያው ጸሎቱ ይቅርብኝ» ብላ ወጣች። ይኸው አሥር ዓመቷ። ቂሟን ግን አንድ ቀን አላስታጎለችም።

ባሏ ኪንቾ በማሪጻ ወንዝ ዳር የታወቀ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። የዶክተር ቬሌቫ መኪና ከሱ ጋራዥ በወጣች በሳምንቷ፣ በሽተኛ እንደጫነች የተቀጠለ ሽቦ ተላቆባት መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሠራተኛው ራንገል አደባባይ ቆሞ «ያንን ሽቦ የቀጠለው ጌታዬ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። መኪናዋን እሱው ወስዶ ጠገነና «የሱን ቅጥል ቆርጬ ጥዬ ወጥ ሽቦ ዘረጋሁ» ብሎ ተሞገሰ። ኪንቾ አልተከራከረም፤ አፍ የሌለው ሰው ነበር። በሽተኛው እንኳ በሌላ መኪና ደርሶ ተረፈ፤ የኪንቾ ስም ግን አልተረፈም። ደንበኛ ሸሸው፣ በሁለተኛው ዓመት በረዶ ሲጥል ሞተ። ራንገል ከመበለቲቱ ፊት ለፊት የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

ዘንድሮ ያቺው መኪና እንደገና ሞተች። ራንገል ሦስት ቀን ላፕቶፑን ሰክቶ አፈጠጠባት። ዶክተሯ ሲሰለቻት መኪናዋን አስገፍታ መንገዱን አሻገረቻትና እትዬ ስታመና በር ላይ አቆመቻት። ራንገልም እየሳቀ ተከተለ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው፣ ቃሪያ መጥበስ አይደለም።»

«አንተን ያስተማረህ ባሌ፣ ከባሌ ጋር ሠላሳ ዓመት ቴስተር የያዝኩት እኔ! አፍህን ሰብስብና ላፕቶፕህ ምን እንዳለህ ንገረኝ።»

«የሞተሩ ኮምፒውተር አይመልስም ይላል። ቀየርኩት። አዲሱም አይመልስም።»

«ዝም ያለውን መወንጀል የቆየ አመልህ ነው።»

ባትሪውን ፈታች። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ሁለቱን የቴስተር ጫፎች ሰካች። የመኪናዋ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት እንደ ሹሩባ በተጎነጎኑ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ከሆነ ቴስተሩ ስድሳ ይላል፤ አንዱ ጫፍ ከተቆረጠ መቶ ሃያ። እትዬ ስታመና የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ግን እንደ ስሟ ታውቃቸዋለች።

መቶ ሃያ።

«ሽቦ ነው የተበጠሰው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ሰነበትክ። በል ተንበርከክ፣ የሾፌሩን ምንጣፍ አንሳ፤ ያኔም የተላቀቀው እዚያ ነበር። እኔ ጉልበቴን ያመኛል።»

የራንገል ሳቅ ጠፋ። «እዚያ ምንም የለም፣ እትዬ። ወጥ ሽቦ ነው የዘረጋሁት።»

«ወጥ ከሆነ ምን አስፈራህ?»

«አንሳው» አለች ዶክተሯ።

ተንበርክኮ አነሳው። የበረዶ ውሃ ከሰረገበት ምንጣፍ ሥር፣ ናስትሮ የተጠመጠመበት ያበጠ ቅጥል ተጋድሟል።

«የ… የኪንቾ ነው!»

«ቆርጬ ጣልኩት ያልከኝስ?» አለች ዶክተሯ።

እትዬ ስታመና አንድ ጥቅል ናስትሮና ቁራጭ ሽቦ ወረወረችለት። «ጠምጥምልኝ።»

ራንገል ግራኝ ነው። እጁ ከለመደው ሌላ አያውቅምና ጠመጠመ። አሮጊቷ ሽቦውን ከቅጥሉ ጎን አስቀመጠችው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። የላዩን ናስትሮ ላጠችው፤ ከሥሩ የከረመው ብቅ አለ፣ እሱም ወደዚያው ያዘነበለ። ያኔም የጠመጠመው እሱ፣ ጠገንኩ ያለ ቀን ደርቦ የጠመጠመውም እሱ!

«ኪንቾ በቀኝ እጁ ነበር የሚሠራው። በስታኞ ሳይበይድ ደግሞ ናስትሮ አይነካም ነበር» አለች።

የዶክተሯ ፊት ደም መሰለ። «እኔም እኮ ሰው ፊት ሰድቤዋለሁ፣ እትዬ።»

«ሰድበሽዋል። ያንቺ ተራ ይደርሳል፣ አትቸኩዪ። አሁን ብዕር አውጪ።»

በማግስቱ የኪንቾ ሙት ዓመት ነበር። እንደ አገሩ ልማድ በየግድግዳው የሚለጠፉ፣ ፎቶው ያለባቸው አሥራ ሁለት የሙት ወረቀቶች አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉንም አመጣች። ዶክተሯ ከየፎቶው ሥር የተነገራትን ጻፈች፦ «ሽቦውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። በኪንቾ ላይ ዋሸሁ።»

«እትዬ፣ ልጆች አሉኝ፣ በማርያም!»

«ኪንቾም ሚስት ነበረችው።»

«ፈርም፣ አለዚያ ክሊኒክ ለሚሰለፈው በሽተኛ ሁሉ አንድ በአንድ እነግራለሁ» አለች ዶክተሯ።

አሥራ ሁለት ጊዜ ፈረመ። አሮጊቷም ሽቦውን በየደች፣ መልሳ ጎነጎነች፣ ለካች። ስድሳ። ባትሪው ሲታሰር ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

ጠዋት ወረቀቱ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በአውቶቡስ ፌርማታው ታየ፤ አንዱ ራንገል ጋራዥ በር ላይ። የሙት ወረቀት አንዴ ከተለጠፈ የሚቀደው የለም፤ የሚያነሳው ዝናብ ነው። የቀደደ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላም የሚለው አያገኝም፤ ራንገልም ይህን ያውቃል።

በሩን ሲከፍት እትዬ ስታመና ማዶ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

«እስከ መቼ ነው ይሄ?» አላት።

«ዝናብ እስኪያነሳው።»

ሰማዩን አየ፤ ጠቁሯል፣ ማካፋትም ጀምሯል። ልቡ ትንሽ መለስ አለ። ጠጋ ብሎ ሲያይ ግን ወረቀቱ ላስቲክ ውስጥ ነው። አራቱንም ጠርዝ በናስትሮ አሽጋዋለች።