የጋራዡ ብሬከር

ወንድሜን አልወደውም። ዛሬ ተናድጄ የምለው አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ነን። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? እኔ አናጢ ወጣሁ፣ እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሰፈርተኛው «ፊውዝ» ይለዋል፤ በሙያው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው።

የሰሞኑ ጠባችን በጋራዡ ነው። አባታችን መኪናውን ያቆምበት ነበር። እሱ ሲሞት መኪናው ተሸጠ፣ እኔም የመጋዝ ማሽኔንና መላጊያዬን አስገብቼ በርና ቁም ሳጥን መሥራት ጀመርኩ። የምተዳደረው በዚያ ነው። ፊውዝ ደግሞ በሩ ወደ መንገድ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሊያደርገው ቋምጧል። ቤቱ የእማዬ ነው፤ እማዬ ግን «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ» ከማለት በቀር ሌላ ፍርድ አታውቅም።

ጋራዡ የነበረው መስመር ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሶኬት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። እኔ ዲቫይደር ሰክቼ ሁለቱንም ማሽን አሠራበት ነበር። አንድ ቀን ሶኬቱ ጠቁሮ ሲቀልጥ ሽታው እማዬ ዘንድ ደረሰ። ፊውዝን ጠርታ «እሳት ሳይበላን መስመሩን ቀይርላት» አለችው።

«ለሷ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ለኔ ስትል።»

ለእማዬ ሲል መጣ። ሲሠራ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም፤ እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምታስታርቀን መስሏት ቃል ታመላልሳለች። «ሶኬቱን የት እንደምትፈልግ ጠይቂያት» ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። «ከጠረጴዛው ከፍ አድርገው በይው» እላለሁ። እሷም ቃል ሳታጎድል ታደርሳለች። እውነቱን ለመናገር እጁ ወርቅ ነው። ወፍራም ሽቦ ሳበ፣ ለየማሽኑ የራሱን መስመር ሰጠ፣ ከመጋዙ በላይ ጥላ የማይጥል መብራት ሰቀለ። አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው፤ የጠሉት ሰው ሥራ ነቀፋ ሲታጣለት ያናድዳል።

ነቀፋው በመጨረሻው ቀን ተገኘ።

«ብሬከሩ የታለ?» ኩርፊያችንን ረስቼ በቀጥታ አናገርኩት።

«እኔ ክፍል።»

«ምን?»

«ዋናው ሳጥን እኔ ክፍል አይደል? የጋራዡንም እዚያው ጨመርኩት። ከጮኸብኝ አጠፋዋለሁ። ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ።»

«የኔን ሥራ አንተ አልጋህ ላይ ተኝተህ ልታዝበት?»

«ካልተመቸሽ ውጪ።»

ያን ቀን ያልተሰዳደብነው ስድብ የለም። እማዬ ጆሮዋን ይዛ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሲያሻው ያጠፋል። ደንበኛ ቆሞ እያየ መጋዙ እንጨት እንደነከሰ ቀጥ ይላል። ስጮህ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተቃጥሎ ይሆናል፣ ባለሙያ ጥሪ» ይለኛል። እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ የሰጋቱራ ክምር ይጠብቀዋል።

መጋዜ አሮጌ ነው። መብራት ሲጠፋ ማብሪያው እንደበራ ይቀራል፣ መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ይህን ስለማውቅ በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን እነቅላለሁ። አንድ ቀን ግን የማስረክበውን በር እየቆረጥኩ ሳለ ቢያጠፋብኝ ደሜ ፈላ፤ ሶኬቱ ትዝም አላለኝ። የተቀረቀረውን እንጨት በሁለት እጄ እየነቀነቅኩ ስሳደብ፣ ፊውዝ በፒጃማ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አፍሽ አሁንም አልተዘጋም?»

«አብራ!»

«መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂ።»

«አንተን? አንተን ከምለምን እንጨቱን በጥርሴ ብበጣው ይሻለኛል!»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት መጋዙ ተነሳ።

እንጨቱ ተፈናጥሮ ሄደ፣ የግራ ጠቋሚ ጣቴ ጫፍም አብሮት። መጀመሪያ አላመመኝም። ያየሁት የወንድሜን ፊት ነው፤ አመድ መስሏል። እሱ እዚህ ፊቴ ቆሟል። ቤት ውስጥ የቀረው ሰው አንድ ብቻ ነው።

«በራልሽ የኔ ልጅ?» አለች እማዬ በሱ ክፍል መስኮት። ደስ ብሏት ነበር።

ፊውዝ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ። የፒጃማውን ሸሚዝ አውልቆ እጄን ጠቀለለልኝ። እማዬ ጭቅጭቁ ጸጥ ማለቱ ደንቋት ነው መሰለኝ ፈገግ ብላ መጣች፤ ደሙን ስታይ በሩን ተደገፈች።

«ምን ሆነች? ምን ሆነች ልጄ?»

«እኔ ነኝ» አለ ፊውዝ። «ስንጣላ ገፈተርኳት። ስለቱ ላይ ወደቀች።»

«መጋዙ ጠፍቶ አልነበር?»

«ጠፍቶ ነበር። ስለት ስለት ነው፣ እማዬ። አንቺ ሳታበሪው በፊት ነው።»

ወደኔ ዞረች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። ፊውዝን በጥፊ አጮለችው።

«ይህን ያደረገ እጅ ይሰበር!»

«አትራገሚ!» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ። በዕድሜያችን የተስማማንበት ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኔና እማዬ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ፊውዝ ብሬከሩን ጋራዡ ውስጥ፣ እጄ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ተክሎታል። ሥራው እንደ ልማዱ ንጹህ ነው። እማዬ ግን ቀና ብላም አላየችው። «ከዛሬ ጀምሮ ጋራዡ የሷ ነው። አንተ ልብስህን ይዘህ ውጣልኝ» አለችው። ከእናቴ አፍ እሰማ ዘንድ ስመኘው የኖርኩት ቃል ነው። ጋራዡ የኔ ሆነ፣ እኔ ግን ደስታ የሚባል ነገር አጣሁ።

ሻንጣውን ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ ጥርሱን ነክሶ አንሾካሾከልኝ።

«ለእማዬ ትንፍሽ ብትይ፣ እስከዛሬ የተጣላነው ጨዋታ ነበር ትያለሽ።»

«ጥፋልኝ» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ይቅር አላልኩትም። መጀመሪያ ብሬከሩን ክፍሉ ውስጥ የሰቀለው እሱ ነው፣ ያን ዕለት ያጠፋብኝም እሱ ነው። ባየው ዛሬም እሰድበዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት እማዬ ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች፤ በታሸገ ጣት ቁልፍ አይያዝም። ጣቶቿ በእርጅና ስለደነዘዙ እያንዳንዱን ቁልፍ ፈልጋ ታገኘዋለች። «ትናንትም ደወለ፣ አላነሳሁለትም» ትለኛለች። «እህቱን የጎዳ ልጅ የለኝም።» ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እሷ አገጬን ቀና አድርጋ የአንገቴን ቁልፍ ትቆልፋለች፤ እኔም እጇን እያየሁ ዝም እላለሁ።